በልቃቂት የጠቀለልኩት ጡረታ

ፈሪ ሰው ስለ ራሱ ሲያወራ ፍርሃቱን «ጥንቃቄ» ብሎ ይጠራዋል። እኔም ብዙ ዓመት እንደዚያ ስጠራው ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን በስሙ ልጥራውና፣ በደርግ ዘመን እዚሁ ጉለሌ ውስጥ በአራት ቀን ያሳየኝን ላጫውታችሁ። ስታነቡ ብትፈርዱብኝ አይከፋኝም፤ ከእናንተ በፊት እኔው በራሴ ላይ ፈርጃለሁ።

ስሜ አስካለ ነው። ያኔ አርባ ስድስት ዓመቴ ነበር። ባሌ በጊዜ ሞቶብኝ፣ ልጅም ሳይሰጠኝ፣ ከታናሽ እህቴ ከዘነበች ጋር በሁለት ክፍል ቤት እንኖራለን። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ የግል ልብስ ስፌት ፋብሪካ የሸሚዝ ኮሌታ ሰፍቻለሁ። ከደመወዛችን በየወሩ ተቆርጦ፣ አሠሪውም የድርሻውን ጨምሮበት ለእርጅናችን የሚቀመጥልን ገንዘብ ነበር፤ «ፕሮቪደንት» እንለዋለን። ፋብሪካው በተወረሰ ጊዜ ሰበሰቡንና ምርጫ ሰጡን። የፈለገ ሥራውን ቀጥሎ ወደ መንግሥት ጡረታ ይዛወራል፤ ያልፈለገ ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ተቀብሎ ይወጣል። የኔ ዓይን መርፌ ማየት እምቢ ካለ ቆይቶ ስለነበር ተቀብዬ ወጣሁ።

ጣጣው የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ደመወዝ የለመደ ሰው እርጅናውን በገዛ እጁ አስተዳድር ሲባል ምን ይሆናል? እንቅልፍ አጣሁ። ቤት እንዳልገዛ፣ ትርፍ ቤት የነበራቸው ሰዎች ያለቤት ሲቀሩ አይቻለሁ። ዘነበች «ሸጎሌ ወርደን ሁለት ላም እንግዛና ለገበሬ ሰጥተን ጥጃውን እንካፈል» አለችኝ፤ ላሟ ብትሞት ገበሬውን ምን ልለው ነው? ባንክ እንዳላስቀምጥ፣ የፋብሪካችን ባለቤት ገንዘቡ ባንክ እያለ ሰው ፊት ሲለምን አይቼዋለሁ። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል!

የሰፈራችን የእድር ጸሐፊ ጋሽ ተሰማ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። ምክር ብጠይቃቸው «አስካለ፣ ገንዘቡን የፈለግሽው ላይ አውዪው፣ ግን ብቻሽን አትያዢው» አሉኝ። «ባንክም ከሆነ በሁለት ሰው ፊርማ ይሁን። ላምም ከሆነ በሦስት ምስክር ይሁን። ሰው ያላወቀው ንብረት ቢጠፋ የሚያፈላልግልሽ የለም፤ ቢገኝብሽም የሚመሰክርልሽ የለም።»

ራሴን ነቅንቄ ተመለስኩ። ልቤ ግን ሌላ ነበር። ሰው ባወቀ ቁጥር አፍ ይበዛል፤ አፍ በበዛ ቁጥር ቀበሌ ይሰማል ብዬ አሰብኩ። ሆድ ይፍጀው አልኩና ለእህቴ እንኳ ሳልነግር ከአንድ አንጥረኛ ዘንድ ሰባት ድፍን የወርቅ ቀለበት አሠራሁ። ለዘነበች ገንዘቡን ባንክ አስገባሁት አልኳት።

ወርቅ ቤት ውስጥ መገኘቱ ያኔ ምን ያህል ወንጀል እንደሆነ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። ሰው የሚፈራው ሕጉን ሳይሆን በሩን የሚያንኳኳውን ሰውዬ ነበር። ስለዚህ መደበቂያ ፈለግሁ። ፍራሽ ይቀደዳል፤ ወለል ይቆፈራል፤ የዱቄት እንስራ ይገለበጣል። አንድ ቀን ጥጥ ስፈትል መላው መጣልኝ። እንዝርቱ ላይ የሞላውን ፈትል እየገለበጥን በኳስ መልክ እንጠቀልለዋለን፤ ልቃቂት ማለት እሱ ነው። ሰባቱን ቀለበቶች በሰባት ልቃቂት እምብርት ላይ አድርጌ ጠቀለልኩባቸውና ከሌሎቹ ልቃቂቶች ጋር ቀላቅዬ በትልቅ እንቅብ አስቀመጥኳቸው። የሴት ልቃቂት ማን ይፈታል? በብልህነቴ እንዴት ተደስቼ እንደነበር ብነግራችሁ ታዝኑልኛላችሁ።

ልቃቂት የሚፈታው ሸማኔ መሆኑን የረሳሁት፣ ከእናቴ ጭን ሥር ጀምሮ ስፈትል ያደግሁት እኔ ነኝ።

ሽሮ ሜዳ አቶ ዳና የሚባል ሸማኔ ነበረን። ከጋሞ የመጣ፣ ትሑት፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ፈትላችንን በእንቅብ እንወስድለታለን፤ እሱ ሸምኖ ይሰጠናል። ለዘነበች ጋቢ ሊሠራላት ቀደም ብለን ተነጋግረን፣ እኔ «ፈትሉ አልሞላም» እያልኩ ሳዘገየው ነበር።

አንድ ማለዳ ለስኳር ራሽን ኅብረት ሱቅ ተሰልፌ ቆይቼ፣ ረፋድ ላይ ወደ ቤት ስመለስ ዘነበች በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ፊቷ ዐመድ መስሏል።

«እቴቴ፣ በከተማው ሁሉ ፍተሻ ተጀምሯል፤ ከታች ሰፈር ጀምረው ወደኛ እየመጡ ነው።»

«ይምጡ፤ ምን አለን?» አልኳት።

«እኔም አንድ ነገር እንዳይገኝብን ብዬ ቤቱን አየሁት። ያን ሁሉ ፈትል ቢያዩት ‹አከማችታችኋል› ይሉናል ብዬ ፈራሁና ለዳና ወስጄ ሰጠሁት። ጋቢውን ዛሬውኑ እጀምራለሁ ብሏል።»

ስኳሩ ከእጄ ወደቀ። ዘነበች «ምን ሆንሽ?» እያለች ከመሬት ትለቅማለች፤ እኔ ግንብ ይዤ ቆሜአለሁ። በመጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ወርቄ ነው፤ አልዋሻችሁም። እርጅናዬ፣ መድኃኒቴ፣ የቀብሬ ወጪ ሁሉ አንድ እንቅብ ውስጥ ሆኖ ሰው ቤት ሄዷል። ስለ ዳና ያሰብኩት ቀጥዬ ነው። ፈትሉን ሲፈታ ወርቁን ያገኛል፤ ፈታሾቹ ደግሞ እሱን ወርቅ በእጁ ይዞ ያገኙታል። አንድ ጋቢ ሠርቶ የዕለት ጉርሱን የሚያገኝ ሸማኔ ሰባት የወርቅ ቀለበት ከየት አመጣሁ ሊል ነው?

ነጠላዬን ተከናንቤ ወጣሁ።

ከቤታችን ሽሮ ሜዳ በአቋራጭ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ግማሽ ሰዓት ይሆናል። የዚያን ቀን መንገዱ ጭር ብሏል። ድልድዩ ላይ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ጠባቂዎች አስቆሙኝ።

«ወዴት ነው እናት?» አለኝ አንደኛው።

«ሸማኔ ዘንድ ነው ልጄ።»

«ፍተሻ እንዳለ አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ። ግን የታመመች እህት አለችኝ፤ መግነዝ አዝዤ ነበር። ለነገ አትደርስም።»

ጤነኛዋን እህቴን ገደልኳት። ልጁ አንገቱን ደፋና «ይለፉ፣ እግዜር ያጥናዎት» አለኝ። እንኳን ልመርቀው፣ ቀና ብዬ ላየውም አልቻልኩም።

ዳና ቤት ስደርስ እንደወትሮው ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ይሸምናል። የሸማኔ ጉድጓድ ያላያችሁ ካላችሁ፣ መሬቱ እስከ ጉልበት ተቆፍሮ ሸማኔው አፋፉ ላይ ይቀመጣል፤ ባዶ እግሩን ወደ ውስጥ ሰድዶ በጣቶቹ መርገጫውን እየያዘ ድሩን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። እጁ የሚሠራውን ያህል እግሩም ይሠራል። ሚስቱ ማሬ አጠገቡ ተቀምጣ ልቃቂት እየፈታች ፈትሉን መወርወሪያው ውስጥ በሚገባው ቀጭን ሸምበቆ፣ በቀሰም ላይ ታጠነጥናለች። ጭኗ ላይ ሦስት ቀለበት ተቀምጧል።

«እትዬ አስካለ፣» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይሄ ምንድን ነው? ምን አድርገንዎት ነው ቤታችን ይሄን የሚሰዱት?»

«አላወቅሁም… ማለቴ፣ እህቴ ናት ሳታውቅ ያመጣችው። ሰባት ናቸው። የጡረታዬ ናቸው፣ ሌላ የለኝም» ብዬ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ዳና ሥራውን አቁሞ አየኝ። አልተቆጣም። «አራቱ ገና ልቃቂቱ ውስጥ ናቸው ማለት ነው» አለ። «ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ እኮ…»

አልጨረሰውም። የግቢው ቆርቆሮ በር ተገፋ።

ማሬ ቀለበቶቹን ወረወረችለት። ዳና በመዳፉ ቀለባቸውና ወደ ጉድጓዱ ጣላቸው፤ ከዚያ ሽመናውን እየቀጠለ በእግሩ ጣቶች አፈር ውስጥ ቀበራቸው። ከወገቡ በላይ ቁጭ ብሎ ይሸምናል፤ ከጉልበቱ በታች ወርቄን ይቀብራል። መወርወሪያው አንድ ጊዜ እንኳ አልሳተም።

አራት ሆነው ገቡ። አለቃቸው ቀጠን ያለ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ጎልማሳ ነው። ሌሎቹ አልጋውን ገለበጡ፣ ድስት ከፈቱ፣ ጣሪያውን በዘንግ ወጉ። እሱ ግን ቀጥታ ወደ እንቅቡ መጣና አንድ ልቃቂት አነሣ። ወርወር አድርጎ ቀለበው። አስቀምጦ ሌላ አነሣ። ሁለተኛውን በመዳፉ ይዞ ቆየ።

«ይሄኛው ከበደ» አለ። «ይሄ ሁሉ ፈትል የማን ነው?»

ዓይኑ እኔ ላይ አርፏል። እንግዳ መሆኔ በነጠላዬ ያስታውቃል። ጥያቄው ለኔ ነበር፤ መልሱም የኔ ነበር። ሁለት ቃል ብቻ ነው። አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ማሬ አየችኝ። ዳናም አየኝ። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ ያን ቀን የኔን ዝምታ የገዛው ወርቅ ነበር።

«የኔ ነው ጌታዬ» አለ ዳና።

«ምን ገብቶበት ነው የከበደው?»

ዳና ሳቅ አለ። «ጠጠር ነው። ገበያ ሲሸጡልን ሚዛን እንዲያነሣላቸው መሐሉ ላይ ጠጠር ይከታሉ። ፈተን ስንጨርስ ነው የምናውቀው። ሁልጊዜ ያሞኙናል።»

ሰውዬውም ሳቀ። ልቃቂቱን ወደ እንቅቡ ጣለው። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ በልቤ ሳልጨርስ ሳቁ ጠፋ።

«ከገበያ? አንተ የሸማኔ ማኅበር አባል አይደለህም? ፈትል የምትወስደው ከማኅበር አይደለም እንዴ?»

ዳና መወርወሪያውን አስቀመጠ።

«ከነጋዴ መግዛት ክልክል ነው። ማነው የሸጠልህ?»

«አላውቀውም፤ መንገድ ላይ ነው…»

«ታውቀዋለህ። ተነሣ።»

ዳና ከጉድጓዱ ሲወጣ በእግሩ ታችኛውን አፈር አንዴ ረገጥ አደረገው። ጫማ እንኳ አላስጠለቁትም። አንዱ እንቅቡን ከአራቱ ወርቆቼ ጋር ተሸከመ። ማሬ እየጮኸች እስከ ዋናው መንገድ ተከተለቻቸው። እኔ ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም።

የሚቀጥሉትን ሦስት ቀናት እንዴት ልንገራችሁ? ሁለት ፍርሃት በአንድ ሆድ ገብቶ ሲፋጅ ኖረ። ልቃቂቱን ከፈቱትና ወርቁን ካገኙት ዳና አለቀለት። አሠቃይተው ስሜን ካስወጡት ደግሞ እኔ አለቀልኝ። በር በተንኳኳ ቁጥር ዘነበችን «አንቺ ክፈቺ» እላታለሁ። ጎረቤት ሲያስል እደነግጣለሁ። ጸሎት ስጀምር ለማን እንደምጸልይ አላውቅም፤ «ዳናን አውጣው» እልና ወዲያው «እንዳይናገር አድርገው» የሚለው ይከተላል። እንደዚህ ያለ ጸሎት ወዴት እንደሚደርስ እሱ ይወቀው።

በማግስቱ ጋሽ ተሰማ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ። መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ወርቁን ለጊዜው እርሺው» አሉ። «ፈትሉ ግን የራስሽ ፈትል ነው፤ በእጅሽ የፈተልሽው። ሴት ለእህቷ ጋቢ ብትፈትል ወንጀል የለበትም። ሄደሽ ‹ፈትሉ የኔ ነው፣ ነጋዴ የሚባል የለም› በዪ፤ እኔና ሁለት የእድር ሰዎች አብረንሽ ገብተን እንመሰክራለን። አሁን እንሂድ።»

«ነገ» አልኳቸው።

«ሰውዬው ታስሮ ነው አስካለ።»

«ነገ ጋሼ። ዛሬ እግሬ አይሄድልኝም።»

በማግስቱም መጡ። አመመኝ ብዬ ተኛሁ። ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኜ እህቴ «አተኩሷታል» ስትላቸው እሰማለሁ። ጋሽ ተሰማ ሳይሰናበቱኝ ሄዱ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ተነሣሁ። ጀግንነት መጣብኝ አልላችሁም፤ ፍርሃቱ ራሱ ደከመው መሰለኝ። ጋሽ ተሰማን ጠራኋቸው፤ ሁለቱን ሰዎች አስከትለው መጡና መንገድ ጀመርን። የምናገረውን በልቤ እየደጋገምኩ ስሄድ፣ ገና ድልድዩ ሳንደርስ፣ ከወዲያ ማዶ ሰዎች ሲመጡ አየን። ሁለት ወጣት ሸማኔዎች አንድ ሰው በመሐላቸው ደግፈዋል። ዳና ነበር። የማኅበሩ ሽማግሌዎች ተሰልፈው ለምነው፣ ዋስ ሆነው አስለቅቀውታል።

እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሏል። የውስጥ እግሩን ነበር የገረፉት።

«ነጋዴውን ጥራ ነው የሚሉኝ» አለኝ ቆይቶ፤ «ነጋዴ ደግሞ የለም። የሌለ ሰው ስም ከየት ላምጣ?»

የኔን ስም ቢጠራ ያን ሰዓት ያቆሙለት ነበር። አልጠራም። አራቱ ልቃቂቶች ምን እንደደረሱ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሳይፈቱ መጋዘን ውስጥ አይጥ በልቷቸው ይሆናል፤ ወይም ደግሞ አንድ የማያውቅ ሸማኔ ቀለበት ወጥቶለት ጸሎቴ ተሰማ ብሎ ይሆናል። ቢሆንለት ደስ ይለኛል።

በሳምንቱ ልጠይቀው ስሄድ ማሬ ጉድጓዱን ቆፍራ ሦስቱን ቀለበቶች አውጥታ ነበር። አጥባቸው በቅጠል ጠቅልላ ሰጠችኝ። ዳና ግድግዳ ተደግፎ፣ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል። ስፌት ነበር ሥራዬና በእጅ ብቻ የሚሠራ ሥራ አውቃለሁ፤ የእሱ ግን ያለ እግር አይሆንም። ድሩ እንደተወጠረ ቆሟል፤ መርገጫውን የሚረግጠው የለም።

ቀለበቶቹን መልሼ አጠገቡ አስቀመጥኩ። «ቤትህ በዚህ ይተዳደር፤ እስክትድን» አልኩት።

«አይሆንም እትዬ፣ የእርጅናዎ ነው።»

«እርጅናዬ አንተ እግር ላይ ነው ያለው።»

ክርክሩ ሲበዛ ጋሽ ተሰማን አስጠራን። አንዱ ቀለበት ተሸጦ የዳና ቤት ስምንት ወር በላበት። የቀሩት ሁለቱም ተሸጡና በኔና በዘነበች ስም፣ በሁለት ፊርማ፣ ባንክ ገቡ፤ ደብተሩ የት እንዳለ ጋሽ ተሰማም ዳናም እንዲያውቁ ሆነ። ገንዘቧ ትንሽ ናት፤ ግን ይኸው እስካሁን በእሷና በእህቴ ልፋት አለሁ።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ዛሬ ዘመኑ ሌላ ነው። ጡረታችሁን መሬት ላይ አውሉት፣ ወርቅ ግዙበት፣ አክሲዮን አስገቡት ብዬ አልመክርም፤ የማላውቀውን አላወራም። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ለብቻዬ ነው የያዝኩት ብላችሁ የምታስቡት ንብረት፣ ክፉ ቀን ሲመጣ የሚያርፈው ምንም በማያውቅ ሰው ትከሻ ላይ ነው። ያን ሰው አስቀድማችሁ ንገሩት። እሺ ወይም እምቢ የማለት መብት አለው።

ዳና ዳነ። በስምንተኛው ወር ጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ እዚያው ነበርኩ። መጀመሪያ ጣቶቹ መርገጫውን አልያዙለትም፤ ኋላ እያነከሱ ያዙለት። ያን ዕለት በማሬም ፊት፣ «ሰውዬው የጠየቀው እኔን ነበር። ሰምቼው ነው ዝም ያልኩት። ሦስት ቀንም ቤቴ ተቀምጬ ነው የከረምኩት። ይቅር በለኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ እትዬ» አለኝ ዳና። «ሁለት ሰው ከሚታሰር አንድ ይሻላል። ይቅር ብያለሁ።»

ማሬ ተነሣች። የምታጠነጥነውን ቀሰም መሬት አስቀምጣ በሩ ላይ ቆመችና ወደኔ ዞረች።

«ወርቁን በሰባት ኳስ ደብቀው አስቀመጡ፤ ባሌን ግን ሜዳ ላይ ጣሉት» አለችኝ። «እሱ ይቅር ይበልዎት። እግሩ የሱ ነው። ሦስቱን ቀን በር ላይ ቁጭ ብዬ የጠበቅሁት ግን እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረናል። ዳና ለዘነበች ጋቢዋን ሠራላት፤ ለኔም ሁለት ነጠላ ሠርቶልኛል። ማሬ ግን በመንገድ ስንገናኝ ሰላምታዬን ሳትቀበል ታልፋለች። እኔም ቆሜ አሳልፋታለሁ፤ እውነቷን ነው።